«ፍሬን ስይዝ ባትሪዬ ይሙላ» ላለው ባለሳይክል

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ባሕር ዳር ዓባይ ማዶ ነው የምኖረው። የኤሌክትሪክ ሳይክል አለኝ። ሞተሩ የኋላ ጎማው መሃል ላይ ነው፣ 250 ዋት ይላል። ባትሪው ሊቲየም ነው፣ 48 ቮልት፣ 10 አምፔር-ሰዓት። ሥራ ደርሶ መልሱና የቤት ጉዳዩ ተደምሮ በቀን 24 ኪሎ ሜትር ያህል እነዳለሁ። ሌሊት መብራት ከጠፋ ጠዋት ጭንቅ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ፍሬን ሲይዝ ባትሪው ይሞላል ሲባል ሰማሁ። አንድ በያጅ ጓደኛዬ ‹ሞተሩን ከፍቼ ውስጡ ያለውን ክላች ብበይደው ያንተም እንደዚያ ይሆናል› አለኝ። ላስበይደው? ካልሆነስ ዳይናሞ ገጥሜ እየነዳሁ ብሞላውስ?»

አታስበይደው። ዳይናሞውንም ተወው። ምክንያቱን ግን ልንገርህ፤ ካወቅኸው ነገ ሌላ ሰው ሌላ ነገር «በይደው» ሲልህ ራስህ ትመልስለታለህ።

ፍሬን ኃይል አይፈጥርም። ባትሪህ ሳይክሉን ለማስነሳት ካወጣው ኃይል ስትቆም ከፊሉን መመለስ ነው ነገሩ። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት አለ?» ነው። አንተና ሳይክሉ ከነቦርሳህ 100 ኪሎ ናችሁ እንበል። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር እየሄድክ ፍሬን ብትይዝ፣ በእጅህ ያለው ኃይል በሙሉ 0.67 ዋት-ሰዓት ብቻ ነው (ባትሪህ ሲሞላ 480 ዋት-ሰዓት ይይዛል)። ሞተሩም ሽቦውም ኮንትሮለሩም (የሞተሩን ኃይል የሚቆጣጠረው ሳጥን) ባትሪውም የየድርሻቸውን ይበላሉ። ግማሹ ባትሪ ውስጥ ከገባ ጥሩ ነው። በቀን 40 ጊዜ ሙሉ በሙሉ ብትቆም 13 ዋት-ሰዓት ገደማ ታገኛለህ። ያንተ ዓይነት ሳይክል በኪሎ ሜትር 12 ዋት-ሰዓት ያህል ይፈልጋል። የቀን ትርፍህ እንግዲህ አንድ ኪሎ ሜትር ናት። መብራት የጠፋ ዕለት አንድ ኪሎ ሜትር አታድንህም።

የመኪናው ወሬ ግን ውሸት አይደለም። የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኤሌክትሪኩን በየመንገዱ እናየዋለን፤ ባለቤቶቹም እውነታቸውን ነው። ልዩነቱ ክብደቱና ፍጥነቱ ነው። 1,600 ኪሎ የሚመዝን መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ ሲቆም 43 ዋት-ሰዓት ያህል ይዟል። ካንተ ስልሳ እጥፍ በላይ ማለት ነው። እሱ ከፊሉ ቢባክንበትም ያዋጣዋል።

ሁለተኛው ምክንያት የከተማችን መሬት ነው። ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ሳይክል የበዛባትም ለዚህ ነው። ሜዳ ላይ ኃይልህን የሚበላው ፍሬን ሳይሆን ነፋስና ጎማ ነው፤ እነሱ የበሉትን ደግሞ ማንም አይመልስልህም። ጣናን ተመልከት። ያ ሁሉ ውሃ ሐይቁ ላይ ተኝቶ እያለ አንድ አምፖል አያበራም። መብራት የወጣው ጢስ ዓባይ ላይ ሲወድቅ ነው፤ ጣና በለስም ቢሆን ውሃውን በዋሻ ወስዶ ቁልቁል ስለሚለቀው ነው። ለሳይክልም ሕጉ ያው ነው። 100 ኪሎ ይዘህ 100 ሜትር ቁልቁል ብትወርድ 27 ዋት-ሰዓት እጅህ ላይ አለ። ከባሕር ዳር መንገድ የአርባ ማቆሚያ ያህል በአንድ ቁልቁለት ማለት ነው። ጎንደር ብትኖር መልሴ ይለሰልስ ነበር። እዚህ ቁልቁለት ፍለጋ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ መውጣት አለብህ፤ ለመውጣት ደግሞ ባትሪህን ትበላለህ።

አሁን ወደ ብየዳው እንምጣ። ጎማ መሃል የሚቀመጥ ሞተር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጥርስ የለውም። ማግኔቶቹ ከውጭኛው ቆብ ጋር ተጣብቀው ከጎማው ጋር አብረው ይዞራሉ፤ የመዳብ ጥቅሉ ዘንጉ ላይ ተክሏል። ጎማው ከዞረ ሞተሩ ዞሯል፣ በመሃል የሚለያያቸው ነገር የለም። ይህ ሰፊና ከባድ ነው፤ ከአራት ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ አንዳንዱ ስድስት ይደርሳል። ሁለተኛው ጥርስ ያለው ነው። ትንሽና ቀላል ነው፣ ሁለት ሦስት ኪሎ። ውስጡ ያለው ሞተር ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር አምስት ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ፍጥነቱን ወደ ጉልበት የሚቀይሩት ብዙውን ጊዜ ሦስት የናይለን ጥርሶች ናቸው። ከጥርሶቹ ጋር አንድ ወገን ብቻ የሚይዝ ክላች አለ። ሞተሩ ጎማውን መግፋት ይችላል፣ ጎማው ግን ሞተሩን መጎተት አይችልም። ፔዳል እየመታህ ያለ ባትሪ ስትሄድ ሳይክሉ የማይከብድህ በዚህ ክላች ምክንያት ነው። ባለ 250 ዋቶቹ አብዛኞቹ ይህኛው ዓይነት ናቸው። ያንተም ይህ ሳይሆን አይቀርም።

አትገምት፣ ፈትሸው። ሳይክሉን ገልብጠህ በመሪውና በኮርቻው አቁመው። ባትሪውን ንቀል። የኋላውን ጎማ ወደ ፊት በእጅህ ግፋው፤ በነጻነት ከዞረና ድምፁ ስስ ከሆነ ልብ በል። ከዚያ ወደ ኋላ አዙረው። ካቴናውና ፔዳሉ አብረው ይዞራሉ፣ እሱን አትቁጠር። ውስጡ ግርር የሚል ነገር ካለና ጎማው እጅህን የሚይዝህ ከመሰለ፣ ጥርስና ክላች ያለው ነው። ወደ ፊትም ወደ ኋላም እኩል የሚከብድ ከሆነ፣ እየቆጠረ እንደሚሄድ ነገር ጣትህ ላይ ቅንጥብ ቅንጥብ ካለ፣ ጥርስ የሌለው ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ቪቴም አይፈታም።

ክላቹ ቢበየድስ? ጓደኛህ በአንድ ነገር ልክ ነው፤ ጎማው ሞተሩን መጎተት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን አልነገረህም። የብየዳ ሙቀት አጠገቡ ያለውን ኩሽኔታ ያበላሻል፣ ግራሶውን ያቃጥላል። ማግኔቶቹም ሙቀት አይወዱም፤ ተራዎቹ ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፉ ጉልበታቸውን ማጣት ይጀምራሉ፣ ያጡትን ደግሞ አይመልሱም። ያ ሁሉ ቢተርፍ እንኳ የናይለን ጥርሶቹ አሉ። እነሱ የተሠሩት በአንድ ወገን ለመገፋት ነው። ፍሬን በያዝክ ቁጥር በጀርባቸው ሲመቱ፣ ጋዝ ስትሰጥ በፊታቸው ሲመቱ፣ እንዲህ ወዲያና ወዲህ ሲንገላቱ ይውላሉ።

እኔ ጋ እንዲህ ተበይዶ የመጣ አንድ ሞተር ከፍቻለሁ። ባለቤቱ «ይንገጫገጫል» ነበር ያለኝ። ክዳኑን ሳነሳው ከሦስቱ ነጭ ጥርሶች አንዱ ተላጭቶ ክብ ሆኗል። ፍርፋሪው ከግራሶው ጋር ተለውሶ ልክ እንደ በሶ ሆኖ ነበር። በጣቴ ዝቄ አወጣሁት። ጥርሱን መቀየር ይቻል ነበር፤ ክላቹ ግን ከነቤቱ ስለተበየደ መለያየት አልተቻለም። ሞተሩን ጣለው።

ሌላም ጣጣ አለ። ከብየዳ በኋላ ባትሪው ሲያልቅ ሳይክሉ ሳይክል መሆኑ ያበቃል። በእግርህ የምትገፋው ራስህንና ያንን አምስት እጥፍ የሚሽከረከር ሞተር ነው። ዝም ብለህ ስትንሸራተትም ይዞ ያስቀርሃል። ይህ መጎተት 20 ዋት ቢሆንና በቀን ለ20 ደቂቃ ያለ ሞተር ብትሄድ፣ ወደ 7 ዋት-ሰዓት ሄደ። ከ13ቱ ግማሹን አስረከብክ ማለት ነው። መብራት በመጥፋቱ የተነሳ ነው የጠየቅኸኝ፤ መብራት የጠፋ ዕለት የሚያስፈልግህ ደግሞ በፔዳል ቀለል ብሎ የሚሄድ ሳይክል ነው። ብየዳው የሚነጥቅህ እሱኑ ነው።

ስለ ዳይናሞው በአጭሩ። የተለመደው የሳይክል ዳይናሞ 3 ዋት ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ብትነዳ 3 ዋት-ሰዓት፤ ሩብ ኪሎ ሜትር። ያንን ለማውጣት ከጎማው የሚወስደው ከዚያ በላይ ነው፣ ጎማውን ደግሞ የሚያዞረው ያው ባትሪህ ነው። ከግራ ኪስ ወደ ቀኝ ኪስ እያዛወሩ በመሃል ኮሚሽን እንደመክፈል ነው።

«እሺ፣ ጥርስ የሌለውን ሞተር ብገዛስ?» ትለኝ ይሆናል። እሱ ይሠራል። ግን ሞተሩ ብቻውን አይበቃም፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያቃጥለው። ብዙዎች «ሞተሩ ጄኔሬተር ሲሆን ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ ወገን ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ገጥመህ ወደ ባትሪ መላክ ነው» ይላሉ። እንደሱ ቢሆን ጎማው የሚያወጣው ቮልት ከባትሪው የሚበልጠው በጣም ስትፈጥን ብቻ ስለሆነ፣ ቀስ ስትል ምንም አታገኝም ነበር። ሥራውን የሚሠራው ኮንትሮለሩ ነው። ውስጡ እንደ ማብሪያ ማጥፊያ የሚሠሩ ስድስት ትራንዚስተሮች (ብዙ ኮንትሮለር ላይ ከዚያም በላይ) አሉ። የሞተሩን ሽቦዎች ለቅጽበት እርስ በርስ ያገናኛቸዋል፣ ወዲያው ይለቃቸዋል፤ ይህንን በሰከንድ በሺዎች ጊዜ። የቧንቧ ውሃ እየፈሰሰ በድንገት ስትዘጋው ግው ብሎ ቧንቧውን እንደሚመታው፣ ሽቦው ውስጥ እየሄደ የነበረው ኤሌክትሪክም ድንገት ሲዘጋበት ቮልቱ ይዘላል፤ ከባትሪው በላይ ወጥቶ ይገባል። ስለዚህ ዳዮድም ሌላ ሳጥንም አያስፈልግም፤ ይህንን ሥራ የሚያውቅ ኮንትሮለር ነው የሚያስፈልገው። አንዳንዱ ኮንትሮለር ችሎታው እያለው ተዘግቶ ይመጣል፤ ሁለት የተለዩ ሽቦዎችን ስታገናኝ ይከፈታል። የትኞቹ እንደሆኑ ኮንትሮለሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብብ። በቀለም ገምተህ አታገናኝ፣ የየፋብሪካው ቀለም ይለያያል። የፍሬን እጀታውም ማብሪያ ያለው መሆን አለበት፤ ኮንትሮለሩ ፍሬን መያዝህን የሚያውቀው በእሱ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላም በሰዓት ከ7 ወይም ከ8 ኪሎ ሜትር በታች ስትሆን የሚመለስ ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ከባትሪው በኩል ያለው ጉዳይ ከሁሉም ይበልጥ ያሳስበኛል። ሊቲየም ባትሪህ ውስጥ ሴሎቹን የሚጠብቅ ሰሌዳ አለ፣ ቢ.ኤም.ኤስ. የሚባለው። በአንዳንዱ ባትሪ ቻርጅ የሚገባበትና ኃይል የሚወጣበት መንገድ አንድ ነው። በሌላው ይለያያል። ከተለያየ፣ ፍሬን ስትይዝ ኃይሉ የሚገባው በመውጫው በር ነው፤ ያ በር ላይ ደግሞ «ሞልቷል፣ በቃ» የሚል ጠባቂ የለም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከልክ በላይ የሚሞላ ሴል ያብጣል፣ ሲብስም ይቀጣጠላል። መንገዱ አንድ ከሆነ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ያንተ ባትሪ 13 ሴል በተከታታይ ያለው ከሆነ ሙሉው 54.6 ቮልት ነው። ጠዋት ሙሉ አድርገህ ወጥተህ ወዲያው ፍሬን ብትይዝ፣ ቢ.ኤም.ኤሱ በሩን ይዘጋል። ኃይሉ መሄጃ ሲያጣ ኮንትሮለሩ ውስጥ ቮልቱ ይወጣል። እዚያ ያሉት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ ለቅጽበት የሚያጠራቅሙ ዕቃዎች) ብዙውን ጊዜ 63 ቮልት ነው የሚችሉት። ጧ ይላል፣ ከዚያ የተቃጠለ ሽታ ብቻ ነው የሚቀርህ። ደግሞ በዚያች ቅጽበት ፍሬኑም የለም።

የሚገባው አምፔርም ገደብ አለው። 10 አምፔር-ሰዓት ባትሪ 5 አምፔር ቢገባበት ይበቃዋል። ያ ማለት 250 ዋት ገደማ ነው። በዚህ ጉልበት ብቻ ከ25 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመቆም ግማሹ በመንገድ ቢባክን እንኳ 5 ሰከንድ ያህል ይፈጅብሃል። ባጃጅ ፊትህ ላይ ሲታጠፍ አምስት ሰከንድ ማን ይሰጥሃል? ስለዚህ ማንም «ይህ ከተገጠመ የእጅ ፍሬኑ አያስፈልግም» ቢልህ አትስማው። የሚቆጥበው የፍሬን ሸራ ነው እንጂ ፍሬንን አይተካም።

የባትሪህ ዓይነት ሊቲየም ስለሆነ ዕድለኛ ነህ። የእርሳስ ባትሪ የጫኑ ሳይክሎች አሉ፤ እነሱ እንዲህ ያለ ድንገተኛና አጭር ቻርጅ በደንብ አይቀበሉም፣ ትርፉ ይበልጥ ይቀንሳል። መመሪያ ወረቀቶች «ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ አታድርጉ» ይላሉ። ይህንን ለባሕር ዳር ሰው ማስጠንቀቅ ትርፍ ነው። እዚህ ጠላታችን ቀትር ላይ ፀሐይ ስር የቆመ ባትሪ ነው።

የመጨረሻው ዘንጉ ነው። ሞተሩ ሲገፋ ዘንጉ ወደ ኋላ ሊዞር ይታገላል፣ የሚይዘው ሁለቱ ዳዶና የሳይክሉ ሹካ ናቸው። ፍሬኑ ሲመልስ ደግሞ በተቃራኒው ይታገላል። ወዲህና ወዲያ ሲል ዳዶው ይላላል፣ የሹካው አፍ ይሰፋል፣ አንድ ቀን ዘንጉ ዞሮ ሽቦዎቹን ይበጥሳቸዋል። መፍትሔው ዘንጉን ጨብጦ ከሳይክሉ አጥንት ጋር የሚታሰር የብረት ክንድ ነው፣ በሁለቱም ጎን። ራንዴላ መደራረብ አይተካውም። ይህንን ደግሞ በያጁ ጓደኛህ ከወፍራም ብረት ቆርጦ ሊሠራልህ ይችላል። የእሱ ሙያ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

እና ምን ታድርግ? ሞተርህን አትንካው። በምትኩ ጎማህን አስነፋ። ጎማ ሲለሰልስ በኪሎ ሜትር አንድ ዋት-ሰዓት ገደማ ተጨማሪ ቢበላ (አላጋነንኩም)፣ በ24 ኪሎ ሜትር 24 ዋት-ሰዓት ነው። ኃይል መላሹ ፍሬን ከሚሰጥህ እጥፍ ገደማ፣ በአንድ ፖምፓ። በየሳምንቱ ንፋሱን ተመልከት፤ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ልክ አለ። የፍሬን ሸራው ቸርኬውን እየነካ እንዳይሆን ጎማውን አንስተህ አዙረው፤ ሳያውቁት ቀኑን ሙሉ ፍሬን ይዘው የሚነዱ ሰዎች አይቻለሁ። ካቴናውን ዘይት አቅምሰው፣ በተለይ ከክረምቱ ጭቃ በኋላ። ከሐይቁ በኩል ነፋስ ሲመጣብህ ከ25 ወደ 20 ውረድ። የአየሩ ግፊት ፍጥነትህ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ ይህች አምስት ኪሎ ሜትር ብቻ ንፋስ በሌለበት ሲሰላ ግፊቱን ከሦስት እጅ አንድ እጅ በላይ ትቀንስልሃለች። ባትሪህ 480 ዋት-ሰዓት ነው፤ የቀን መንገድህ 290 ያህል ይበላል። ጤነኛ ከሆነ አንድ ሌሊት መብራት ቢጠፋ እንኳ ሲነጋ ከሲሶ በላይ ይተርፍሃል። ባትሪውን እስከ ማታ ሳታቆይ መብራት ባገኘህ ሰዓት፣ ሥራ ቦታም ቢሆን፣ ሙላው። ቀኑ ሳይመሽ የሚያልቅብህ ከሆነ ግን ችግሩ ባትሪው ደክሞ ነው፤ ያንን የትኛውም ፍሬን አያድነውም። ለሞተር ቅየራ ልታወጣው ያሰብከውን ገንዘብ ለባትሪው አውለው።

ጥርስ የሌለውን ሞተር የምመክረው ለሁለት ሰው ነው። አንዱ በሳይክሉ ከባድ ጭነት እያመላለሰ ቶሎ ቶሎ የሚቆም፣ በየጥቂት ሳምንቱ የፍሬን ሸራ የሚቀይር ሰው ነው። ሌላው ቁልቁለት አገር የሚኖር ነው። ቁልቁለት ላይ ግን አንድ ነገር ልብ ይበል፤ ሞተሩ በራሱ ጉልበት ከሚደርስበት ፍጥነት በላይ ከተለቀቀ፣ ፍሬን ባይያዝም ኃይሉ በራሱ ወደ ባትሪው መፍሰስ ይጀምራል፣ ኮንትሮለሩም አይቆጣጠረውም። በእጅ ፍሬን ፍጥነቱን ይዞ ይውረድ።

አንተ ከነዚህ አንዱ ከሆንክ፣ ለምሳሌ ሳይክሉ ላይ ጀሪካን ወይም ካሳ ቢራ ልትጭንበት ካሰብክ፣ ምንም ከመግዛትህ በፊት ሦስት ነገር አይተህ ጻፍልኝ፤ የኋላው ሹካ በሁለቱ ዳዶዎች መሃል ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ፣ ኮንትሮለሩ ላይ የተለጠፈው ምን እንደሚል፣ እና ከባትሪው የሚወጡት ወፍራም ሽቦዎችና የቻርጀሩ ቀዳዳ ወደ ቢ.ኤም.ኤሱ በአንድ መንገድ ይግቡ በሁለት። ሦስተኛውን ለማየት ባትሪውን ራስህ አትክፈተው። የባትሪ ሠሪ ጋ ውሰደው።